ለኮምፒውተሬ የሐበሻ ሰዓት ያሰርኩለት ለታ

ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ማንም ሳይገፋው ገደል ሊገባ እንደሚችል የሚጠራጠር አንባቢ ካለ ልደታ ኮንዶሚኒየም ብቅ ብሎ እኔን ይጠይቅ። ቤቱ አይጠፋውም። በራችን ላይ የወፍ ሥዕል ተለጥፏል። ሆዱ ነጭ፣ ጀርባው ጥቁር፣ እግሩ ቢጫ ሆኖ ምሳ በልቶ የጠገበ ሹም የሚመስል ወፍ ነው። ፔንግዊን ይሉታል። የለጠፈው ጎረቤቴ ከድር ነው፤ የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻም እሱው ነው፣ ዕድሜ ይስጠውና።

ከድር ሜክሲኮ አካባቢ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የኮምፒውተር ሰው ነው። ሌላው ሠራተኛ ሥራውን ቢሮ ጥሎ ይወጣል፤ ከድር ግን ይዞት ይመጣል። መሰላል ልትዋሱት በሩን ብታንኳኩ መሰላሉን ይሰጣችኋል፤ እግረ መንገዱንም ኮምፒውተራችሁ በምን እንደሚሠራ ይጠይቃችኋል። እኔ የሄድኩት ለመጋረጃ ዘንግ የሚሆን የግድግዳ መብሻ ልዋስ ነበር። መብሻውን ይዤ ገባሁ፤ እሱም ተከትሎኝ ገባ። ሲወጣ መጋረጃው አልተሰቀለም፤ ኮምፒውተራችን ግን ሌላ ፍጡር ሆኖ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ለውጥ ያስፈልገው ነበር። የድሮው ሲስተማችን፣ እንደ ብዙዎቻችን ቤት ሁሉ፣ ማንም ያልገዛው ነበር። ከአንዱ ፍላሽ ወደ ሌላው ሲዞር ስንት ቫይረስ ጭኖ እንደመጣ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። አብርተነው፣ ፊታችንን ታጥበን፣ ቁርሳችንን በልተን ስንመለስ ገና «እንኳን ደህና መጡ» ይለን ነበር። ሲበላሽ ደግሞ «ችግር ተፈጥሯል» የምትል ሣጥን ያመጣና ዝም ይላል። የምን ችግር? ማን ፈጠረው? የት? መልስ የለም። እንዲህ ያለ ሰው ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ይላክበት ነበር።

«ይሄ ሊኑክስ ይባላል» አለኝ ከድር አዲሱን ሲስተም እየጫነ፤ ያ በራችን ላይ ያለው ወፍ የዚሁ ዓርማ ነው። «ነፃ ነው።»

«ነፃው እስከ መቼ ነው?»

«እስከ መቼም።»

«ማን ሠራው?»

«ሁሉም።»

«ማን ይከፍላቸዋል?»

«ኧረ አቦ፣ ደቦ አታውቅም እንዴ? አንዱ ያጭዳል፣ አንዱ ይከምራል፣ አንዱ ይወቃል። ይሄም ደቦ ነው። ልዩነቱ፣ አጫጁና ከማሪው አይተዋወቁም፤ አንዱ ብራዚል ነው፣ አንዱ ህንድ።»

እኔ እንግዲህ የተጠራጣሪ ዘር ነኝ። ታክሲ ላይ ረዳቱ መልስ አሟልቶ ሲሰጠኝ እንኳ ምን አስቦ ነው እላለሁ። ግን ኮምፒውተሩ ሲነሳ ባየሁ ጊዜ አፌን ዘጋሁ። ጠላ እንዳቀመሱት ሽማግሌ ፈገግ ብሎ ተነሳ። ያን ለታ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት የተረተው ሰው ምን አይቶ እንደነበር ገባኝ።

ከድር ሲወጣ አንድ ምክር ብቻ ሰጠኝ። «ይሄ ሲስተም አይደብቅህም። ሲበላሽ ለምን እንደተበላሸ ይነግርሃል። ስለዚህ ስትደውልልኝ መጀመሪያ ምን እንደሚል አንብበህ ደውል።» ምክሩን በደንብ ሰማሁ። ማንበቡ ነው የቀረኝ።

አሁን ባለቤቴን ሰናይትን ላስተዋውቃችሁ፤ ኮምፒውተሩ የእሷ ነውና። ሰናይት የሰርግ ጥሪ ካርድ ትነድፋለች። አበባውን፣ ሐረጉን፣ የፊደሉን አጣጣል ስታሳምር እኔ ከኋላዋ ቆሜ ሳይ ሻዬ ይቀዘቅዛል። አንድ ልማድ አላት። አዲስ ንድፍ ስትሞክር ስም የሌለው ካርድ ዓይን የሌለው ፊት ነው ትልና የራሳችንን ስም ታስገባለች። «ልጃችንን ሰናይትን ከ...» ብላ የእኔን ስም፣ ቦታው ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ፣ ሰዓቱ ስድስት፣ ሁሉንም ትሞላለች። ቀኑን ብቻ ባዶ ትተወዋለች።

ለምን ባዶ እንደምትተወው አውቃለሁ። እኔና ሰናይት የተጋባነው በፊርማ ነው። አባቷ ያኔ ታመው ሆስፒታል ተኝተው ስለነበር ድንኳን የመጣል ልብ የነበረው ሰው አልነበረም። ሽማግሌ ተላከ፣ ተፈረመ፣ ተመረቅን፣ አለቀ። «ሰርጉን ሲመቸን እንደግሳለን» አልኳት። አባቷ ዳኑ፤ ዛሬ ደረጃ ሲወጡ እኔን ጥለውኝ ነው የሚወጡት። እስካሁን ግን አልተመቸንም። ነገሩን ባነሳሁ ቁጥር ትስቅና «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» ብላ ወደ ሥራዋ ትዞራለች።

ታሪኩ በሆነበት ሰሞን እጇ ላይ ትልቅ ሥራ ገብቶ ነበር። አራተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ዘይነባ ልጃቸውን ሰሚራን ሊድሩ ነው። ካርዱን የሚያትሙት ተክለ ሃይማኖት ያሉ ጋሽ ሙዘሚል የሚባሉ ባለ ማተሚያ ቤት ናቸው። ጋሽ ሙዘሚል ሰናይትን «ይህን ሥራ በሰዓቱ ካመጣሽልኝ የቤቱ ካርድ ሁሉ ያንቺ ይሆናል። ካዘገየሽኝ ግን ማሽኑ አይጠብቅም፣ እኔም አልጠብቅም» ብለዋታል። ስንት ዓመት እየዞረች የለመነችው ዕድል ነበር። እኔም ዓመት ፈቃድ ላይ ነበርኩና እሷን ለመርዳት ቆርጬ ተነሳሁ። ዓመት ፈቃድ የወጣ ባል ሊረዳ ሲነሳ ቤቱ ይወቀው።

እርዳታዬ ኮምፒውተሩን ማሳመር ነበር። የድሮው ሲስተም ከጀርባው ሥዕል በቀር ምንም አያስነካም ነበር። ይኼኛው ግን «እንዴት ልሁንልህ?» የሚል ይመስላል። ቀለሙን ልቀይር? ቀይር። የአዝራሩን ቅርጽ? ቀይር። ምናሌና ሰዓት የተደረደሩበት የታችኛው ረጅም መደብ ወደ ጎን ይሂድ? ይሂድ። ምናሌው ሁሉ በአማርኛ ይሁን? ይሁን! «ፋይል ክፈት» የሚለውን በገዛ ፊደሌ ሳይ፣ አማርኛው አንዳንድ ቦታ የተወለካከፈ ቢሆንም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አንድ የማላውቀው ሰው ደሞዝ ሳይቆረጥለት ተቀምጦ ይህን ሁሉ ቃል ወደ አማርኛ መልሶልኛል። ማን ነህ ወንድሜ? የት ሰፈር ነህ? ብመጣ ቢራ እንኳ ልጋብዝህ።

ነፃነት ልኩን ካላወቁት ያሰክራል። በማግስቱ ያንን ረጅም መደብ ሳንቀሳቅስ ጭራሹን አጠፋሁት። ምናሌው፣ ሰዓቱ፣ ማጥፊያው ሁሉ አብሮ ሄደ፤ ስክሪኑ ላይ አንድ የሐይቅ ሥዕል ብቻ ቀረ። ሰናይት ከኋላ መጥታ አየችና «ያምራል፤ መስኮት አስገጠምክልኝ ማለት ነው?» አለችኝ። ከድር ተጠርቶ መጣ፣ ሁለት ነገር ነካ ነካ አደረገ፣ መደቡ ተመለሰ። «ከማጥፋትህ በፊት 'እርግጠኛ ነህ ወይ?' ብሎ ጠይቆህ ነበር እኮ» አለኝ። እኔ ደግሞ እርግጠኛ ነበርኩ።

ይህ ሁሉ አልበቃኝም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ዓይኔ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው ሰዓት ላይ ዐረፈ።

መቼም እዚህ አገር የተወለድን ሰዎች ከዚህ ስሌት ጋር ነው የምንኖረው። ስልኩ አንድ ይላል፣ አፋችን ሰባት ይላል። ኮምፒውተሩ ዘጠኝ ሲል እኛ ሦስት እንላለን። ስድስት ስንቀንስ ስድስት ስንደምር ዕድሜያችን ያልቃል። እኔም ወንበሬን ሳብ አድርጌ ራሴን ጠየቅሁ። በገዛ ቤቴ፣ በነፃ ሲስተም፣ «እንዴት ልሁንልህ?» በሚል ኮምፒውተር ላይ፣ እስከ መቼ ነው የምቀንሰው?

ሰዓቱን ከፈትኩና ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት። ልቤ ሞላ። ሰዓቱን አስተካክሎ ቀኑን መተው ደግሞ ጋቢ ለብሶ ክራባት እንደማሰር ሆነብኝ። ቀኑንም ወደ እኛ መለስኩት። ዓመተ ምሕረቱንም መለስኩት። ወሩ ግንቦት ነበር፤ ግንቦት ዘጠነኛ ወር ነው፤ ዘጠኝ ብዬ አስገባሁ። ማሽኑ ዘጠነኛውን ወር ሴፕቴምበር ብሎ ጠራው። ይጥራው! የስም ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

እጄን ሳነሳ ሰዓቱ ተስፈንጥሮ ወደ ፈረንጁ ተመለሰ። እንደገና አስገባሁ፤ እንደገና ተመለሰ። ግብግብ ገጠምን። በመጨረሻ «ቀንና ሰዓትን በራሱ ያስተካክል» የምትል ማብሪያ ማጥፊያ አገኘሁና አጠፋኋት። አልተንቀሳቀሰም። የቤቱ አባወራ ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ለየ።

ሰናይት ስታየው አፏን በእጇ ያዘች። «በኛ ሰዓት! ቀኑም በኛ! ውይ፣ ጾምና ፍስኩን ቢለይ ነው እኮ የቀረው!» አለችና ግንባሬን ሳመችኝ። ያቺን መሳም ሳስባት አሁንም ደስ ይለኛል፤ ያስከተለችው ይቅርና።

በማግስቱ እትዬ ዘይነባ ካርዱን ለመጨረሻ ጊዜ ሊያዩ ወረዱ። ለመጨረሻ ጊዜ ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው አልነበረም። አበባው ቀይ ነበር፣ ወርቃማ ይሁን አሉ። ወርቃማ ሲሆን ቀዩ ይሻላል አሉ። የአያትየው ስም ላይ «ሐጂ» የሚለው ተረስቶ ሌላ ንድፍ ተሠራ። ያን ጠዋት ግን ረጅም ጊዜ አይተው «ማሻአላህ፤ በቃ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉ። ሰናይት ካርዱን አስቀመጠችና ለሰርጉ ሽንኩርት ለመላጥ አብራቸው ልትወጣ ተነሳች።

«ካርዱን ለጋሽ ሙዘሚል በኢሜይል ላክልኝ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው ያሉት፤ ከዚያ ማሽኑን ለሌላ ሥራ ያዞሩታል» አለችኝ። «አዲሱ ሁልጊዜ ከላይ ነው። ከላይ ያለውን ላክ። ሌላ ምንም እንዳትነካ።»

«ኧረ ምን በወጣኝ!» አልኳት። ልብ በሉ፣ ከዚያች ደቂቃ በኋላ በእርግጥ ምንም አልነካሁም። የነካሁት ትናንት ነው።

ከምሳ በኋላ ተደላድዬ ተቀመጥኩና ኢሜይሉን ልከፍት ስል ገጹ አልከፈት አለ። በምትኩ አንድ ትልቅ የማስጠንቀቂያ ምልክትና ከሥሩ ረጅም ጽሑፍ መጣ። ዘጋሁት። እንደገና ከፈትኩት፤ ያው ጽሑፍ። ሌላ ገጽ ሞከርኩ፤ ያው። ጥፋተኛው ዋይፋዩ ነው ብዬ ወሰንኩ። ነቅዬ ሰካሁት። ከቡፌው ላይ አንስቼ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። አንቴናውን አንዴ ወደ ሜክሲኮ፣ አንዴ ወደ ተክለ ሃይማኖት አዞርኩት። ስልኬ በዚያው ዋይፋይ ቀጥ ብሎ ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ ግን አሻፈረኝ አለ። በስልክህ ለምን አልላክኸውም የምትሉ ትኖራላችሁ። የስልኬ ገመድ ቻርጅ ከማድረግ ሌላ ሥራ አያውቅም።

ለከድር ቢሮው ደወልኩ።

«ከድሬ፣ ኢንተርኔቱ ሞተ።»

«ምን ይላል?»

«ሞቷል አልኩህ እኮ። የሞተ ምን ይላል?»

«አቦ፣ ስክሪኑ ላይ ምን ተጽፏል ነው የምልህ።»

«ብዙ ነገር ተጽፏል።»

«አንብበዋ!»

አነበብኩለት። ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይላል፤ የኮምፒውተርዎ ቀን ይህ ነው፣ ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ ይላል።

«ቀኑን ስንት ይላል?» አለኝ።

በቁጥር የተጻፈውን ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት አነበብኩለት። ይህን ስል ቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሐበሻ የቀን መቁጠሪያ እያየ እንደነበር ኋላ ነግሮኛል።

«ልክ ነዋ» አለኝ። «ዘጠነኛ ወር። ቀኑስ ልክ ነው። ሌላ ምን ይላል?»

እንግዲህ ፍረዱ። ማሽኑ ችግሩን በግልጽ ቋንቋ ተናግሯል። እኔ አንብቤያለሁ። ከድር፣ ሙያው የሆነ ሰው፣ ሰምቷል። ሁለታችንም አመሳከርን፤ ሁለታችንም ልክ ነው አልን። ደግሞም ልክ ነበር!

ከድር ስብሰባ ተጠራና «ፎረሙ ላይ ጠይቅ፤ ሰው አይጠፋም» ብሎኝ ገባ። ፎረም የሚሉት የዚህ ሲስተም ተጠቃሚዎች ከየአገሩ የሚጠያየቁበት ገጽ ነው። በስልኬ ገብቼ ባለችኝ እንግሊዝኛ አቤት አልኩ። ሻዬን ቀድቼ ሳልጨርስ መልስ መጣልኝ። የመለሰልኝ ሰው ስሙ ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ በፎቶው ቦታ መነጽር ያደረገ ድመት አለ። ድመቱ በጣም ትሑት ነው። መቸገሬ እንዳሳዘነው ጽፎ የኮምፒውተሬን ቀንና ሰዓት እንድልክለት ለመነኝ። ላክሁለት።

«ወዳጄ» ሲል ጻፈልኝ፣ «ሰዓትህ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ቀርቷል። እሱን አስተካክል፣ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል።»

ደሜ ፈላ። ወደ ኋላ ቀርተሃል? እኔን? ቁጭ ብዬ መልስ ጻፍኩለት። መልስ ብቻ አይደለም፣ ትምህርት ነው የጻፍኩለት። ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር እንዳለው፣ ቀኑ ጎህ ሲቀድ እንጂ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ እንደማይጀምር፣ ጳጉሜን ምን እንደሆነች፣ ሁሉን አስረዳሁት። «ወዳጄ» ብዬ ደመደምኩ፣ «እኛ ወደ ኋላ አልቀረንም። የቸኮላችሁት እናንተ ናችሁ።» ከላክሁት በኋላ ደረቴ ተነፍቶ ቤቱን ዞርኩበት። አገሬን ያኮራሁ መስሎኝ ነበር።

ዞር ስል ያች የሐበሻ ሰዓቴ አሥር ሰዓት ተኩል ትላለች። አኮራሁት ያልኩት አገር ካርድ አያደርስልኝም። ፍላሽ ፈልጌ ሰካሁ፣ የካርዶቹን ማኅደር ከፈትኩ፣ ከላይ ያለውን ገለበጥኩ፣ ነቅዬ ሮጥኩ። ስሙን ለምን አላነበብክም ትሉኝ ይሆናል። ስለ እኔና ስለ ማንበብ እስካሁን ካልገባችሁ ከዚህ በኋላም አይገባችሁም።

ከልደታ ተክለ ሃይማኖት ሩቅ አይደለም፤ የታክሲው ሰልፍ ግን ከመንገዱ ይረዝማል። በእግሬ ሄድኩት። ማተሚያ ቤቱ ስደርስ ጋሽ ሙዘሚል መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በር ላይ ቆመዋል።

«የሰናይት ባል ነኝ» አልኳቸው እያለከለክሁ። «ካርዱን አምጥቻለሁ።»

«ጥሩ ደረስክ። በል ግባ።» ፍላሹን ተቀብለው ከፈቱና በወፍራሙ ወረቀት፣ በወርቅ ቀለም አንድ ለናሙና አተሙ። መነጽራቸውን አውርደው እንደ መርሐ ግብር መሪ ድምፃቸውን ጠርገው ማንበብ ጀመሩ። «ልጃችንን ሰናይትን ከ...» አሉና ቆሙ። የእኔን ስም አነበቡ። አንዴ ወረቀቱን አንዴ እኔን አዩ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ባሏ ነህ ወይስ እጮኛዋ?»

«ባሏ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው? ሰሚራን ስንጠብቅ ራስህን ልትድር መጣህ? ቀኑም የለው። ሕዝቡ በየትኛው ቀን ይምጣልህ?» ማሽን ላይ ያሉት ሠራተኞች ሳቁ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ሳይ ግን ተውኩት። ወርቁ እጅግ ያምር ነበር፤ ስማችን እዚያ ላይ ታትሞ ሳየው ደግሞ ሆዴ ባባ።

ሰናይት ጋ ደወልኩ። ስልኩን ስታነሳ ከሽንኩርቱ የተነሳ አፍንጫዋን ትስባለች። ነገሩን ስነግራት ከአራተኛ ፎቅ ደረጃውን ስትወርድ የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ይሰማኛል።

«ከላይ ያለውን ነው እኮ የወሰድኩት!» አልኳት።

«ቆይ... ከላይ ያለው የትናንትናው መሞከሪያዬ ነው። የዛሬው የት ሄደ?» የማውሱ ጠቅታ ይሰማል። «ውይ! እታች ነው! ከሁሉም በታች፣ ከጥንት ጀምሮ ከሠራሁት ካርድ ሁሉ ሥር ተቀብሮ! የተሠራበት ቀን... ሴፕቴምበር? በግንቦት የምን ሴፕቴምበር ነው?»

እዚህ ላይ ስለ ሰናይት ሥራ አንድ ነገር ልበል። እሷ የምትነድፈው ካርድ ሁሉ ሁለት ቀን አለው፤ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በፈረንጅ። የሙሽሮች ዘመድ ከየትም ይመጣልና አንዱ ቢሳሳት የሰው ሰርግ ይበላሻል። ስለዚህ እኔና ከድር ያለፍነውን እሷ አላለፈችውም።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ በቀስታ፣ «ትናንት የቀየርከው ስክሪኑ ጥግ ላይ የሚታየውን ብቻ ነው ወይስ የማሽኑን የራሱን ቀን?»

«የራሱን።»

«ዓመተ ምሕረቱንም?»

«ታዲያ ግማሹን ልተወው?»

ልትጮህብኝ ነው ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። የመጣው ግን ሳቅ ነው። ከልቧ፣ እያነቃት ሳቀች። «ዓለም ሁሉ እዚህ ደርሶ ኮምፒውተሩ እኮ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል! ሰሚራን ያኔ ሊድራት ነበር! ያኔ ሃይስኩል አልጨረሰችም እኮ! ኢንተርኔቱስ ቢሆን ለኮምፒውተሩ ገና ከሰባት ዓመት በኋላ የሚጻፍ የምስክር ወረቀት ሲያሳየው እንዴት ይመነው?» ያቺን ያጠፋኋትን ማብሪያ መልሳ ስታበራት በስልኩ ሰማሁ። «ይኸው፣ ተስተካከለ። ጋሽ ሙዘሚልን ኢሜይላቸውን ይመልከቱ በላቸው።»

አፌን ሳልከፍት የጋሽ ሙዘሚል ኮምፒውተር ቂው አለ። ከፈቱት። ሰሚራ ከነአበባዋ፣ አያቷም ከነሐጂነታቸው ደረሱ። ጋሽ ሙዘሚል ሁለቱን ቀኖች በጣታቸው እየነኩ ከቀን መቁጠሪያው ጋር አመሳከሩ፤ ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ለአሥራ አንድ ትንሽ ነበር የቀረው።

«ይቺ ልጅ አላህ ይባርካት፤ ልቅም ያለ ሥራ ነው» አሉ። «በል ሰኞ ራሷ ትምጣና የሚቀጥለውን ሥራ ትውሰድ። ራሷ ትምጣ ነው ያልኩህ፤ አንተን እንዳትልክ።» ከዚያ ያንን የእኛን ስም ያለበትን ናሙና ሊቀድዱት ነው ብዬ ስሰጋ ፖስታ ውስጥ ከተው ሰጡኝ። «ይሄ የጨዋ ካርድ ነው፤ አይጣልም።»

ቤት ስደርስ ከድር ከስብሰባው ወጥቶ ደርሷል፤ ሰናይት ነግራዋለች፤ ሶፋው ላይ ተኝቶ ይንፈራፈራል። «ወላሂ አፈርኩ!» ይላል። «ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ፈረንጅ ነኝ፤ ስልክ ሳነሳ ግን ሐበሻ እሆናለሁ። ቀኑን ስትነግረኝ ልክ ነው አልኩ እኮ!» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ያኔ ተነሳና አንዲት ትንሽ ተጨማሪ ነገር ጫነልን። የማሽኑ ልብ በራሱ አቆጣጠር ይሄዳል፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ግን የእኛ ሰዓት፣ የእኛ ቀን፣ «ግንቦት» ተብሎ በፊደላችን ይታያል። እኔ ማሽኑን በጉልበት ሐበሻ ላደርገው ስታገል አንድ ስሙን የማላውቀው ሰው ቀደም ብሎ ይህን አስቦ፣ ሠርቶ፣ ለሚፈልግ ሁሉ አስቀምጦ ሄዷል። ለእኔ ብሎ የሠራው ያህል ነው የተሰማኝ። ደቦው እኔን ሳያውቀኝ ማሳዬን አርሶልኝ ነበር።

ፎረሙን ስከፍት ባለ ድመቱ መልሷል። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። «ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር፤ ስላስተማርከኝ አመሰግናለሁ» ይላል። «አሥራ ሦስት ወር! ሰዓቱም ከጎህ ሲጀምር እንዴት ደስ ይላል። እናንተ ጋ ብመጣ ሰባት ዓመት ወጣት እሆናለሁ ማለት ነው? ካልተቸገርክ ኮምፒውተሩ መዳኑን ንገረኝ፤ አሳስቦኛል።» ለዚህ ሰው ነው የቸኮላችሁ እናንተ ናችሁ ያልኩት። አንተ ልክ ነበርክ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ኮምፒውተሩም ድኗል፣ ስትመጣ ቤትህ ነው ብዬ ጻፍኩለት። ይህን ስጽፍ እንግሊዝኛዬ አልጠፋኝም።

ከድር ከወጣ በኋላ ናሙናውን ከፖስታው አውጥቼ ስክሪኑ ሥር አቆምኩት። ሰናይት እጇን ፎጣ ላይ እየጠረገች መጣችና አየችው። በወርቅ ታትሞ አይታው አታውቅም። ወርቁን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ቀኑ ባዶ ነው» አልኳት።

«ሁልጊዜም ባዶ ነው።»

«ሙዪዋ።»

ዞር ብላ አየችኝ። «ካልታዘልኩ አላምንም አለች...» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም፤ እየቀለድኩ እንዳልሆነ ፊቴ ላይ አነበበች። ከእኛ ቤት ማንበብ የምትችለው እሷ ናት። ወንበሩን ሳበች፣ ካርዱን ስክሪኑ ላይ ከፈተች፣ ባዶው ቦታ ላይ ጠቅ አደረገች።

«በየትኛው አቆጣጠር ልጻፈው?» አለችኝ።

«በሁለቱም ጻፊው» አልኳት። «ድመቱም ይምጣ።»